በር ያዥ

ለሰው የማልናገረው ሁለተኛ ሥራ አለኝ። በር እይዛለሁ። ደመወዝ የለውም፣ የቀጠረኝም የለም። ባንክ ይሁን ፋርማሲ፣ ቀበሌ ይሁን ሻይ ቤት፣ ከኋላዬ ኮቴ ከሰማሁ በሩን ይዤ እቆማለሁ፤ ሰው ገብቶ እስኪያልቅ። ሰው ደግሞ ገብቶ አያልቅም።

በቅርቡ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ባንክ ሄድኩ። ቅዳሜ ነው፣ ለዚያውም ደመወዝ የወጣበት ሰሞን። ጥበቃው እጆቼን አስነስቶ ወገቤን ዳበስ ዳበስ አደረገና «እለፍ» አለኝ። የመስታወቱን በር ሳብኩት። እምቢ አለ። ደግሜ ሳብኩት። መስታወቱ ላይ፣ ልክ በዓይኔ ትክክል፣ መዳፌን በሚያህል ፊደል «ይግፉ» የሚል ተለጥፏል። እኔ እኮ የሰው ጽሑፍ እያረምኩ ነው እንጀራ የምበላው። ሦስተኛም ሳብኩት።

ጥበቃው ከኋላዬ በአንድ ጣቱ ገፋልኝ።

ስገባ ነጠላ ያጣፉ እናት እየተከተሉኝ ነበርና በሩን ያዝኩላቸው። «ተባረክ» አሉኝ። ከዚህ ላይ ልናዘዝ፦ ይቺን «ተባረክ» የምትባል ቃል ከልክ በላይ እወዳታለሁ። ስሰማት ደረቴ ትንሽ ይሰፋል። እናም ልለቅ ስል ሁለት ወጣቶች ገቡ፤ ዝም ብለው አለፉ። ሁለት ዝምታ ተቀብሎ በር መልቀቅ ኪሳራ መሰለኝ፤ ቀጣዩ ያመሰግናል ብዬ ቆየሁ። ቀጣዩ ስልክ ያወራል። ከሱ ኋላ የመጣችው ልጅ ልታመሰግነኝ አፏን ከፈተች ስል አዛጋች። ቁማር የሚጫወት ሰው እንዴት እንደሚያድር ያኔ ነው የገባኝ። አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ እያልኩ ስምንተኛው ሰውዬ ላይ ደረስኩ። እሳቸው ቆም አሉልኝ። ተዘጋጀሁ።

«የገቢ ወረፋው በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ» አልኳቸው። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት አላውቅም። ሄደው በቀኝ ተሰለፉ። ከዚያ ወዲያ የቆመ ሰው ያየ ሁሉ ይጠይቀኝ ጀመር። አንዲት አሮጊት የቁጠባ ደብተር ከደረታቸው አውጥተው ከቅጹ ጋር ሰጡኝና «ሙላልኝ ልጄ፣ ዓይኔ ደከመ» አሉኝ። በግራ ትከሻዬ በሩን ደግፌ፣ ቅጹን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንድ እግሬን አንሥቼ እንደ ሽመላ ቆሜ ሞላሁላቸው። አንዲት ሌላ አየችኝ፤ ለሷም ሞላሁ። ይህን ሁሉ ሲመለከት የቆየው ጥበቃ በመጨረሻ ተነሥቶ የራሱን ወንበር ገፋ አደረገልኝ። «ኧረ ቁጭ በል» አለኝ።

ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ባንክ የሄድኩት ብር ላወጣ እንደነበር ትዝ ያለኝ።

የርቀቱ ነገር ግን ከዚህም ይከፋል። በር የሚያዝለት ሰው ስንት ክንድ ሲቀረው ነው የሚያዝለት? እኔ ይህን ልኬት አላውቀውም፤ እንዲያውም ከአገር ማዶ ላለ ሰው ነው የምይዝለት። ፒያሳችን ደግሞ የጣሊያን እጅ ሥራ ነው። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ትልቅ ጦሩን እጅ ያሰጠው እዚሁ ጎንደር፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ ሰውየው ሲሄድ ሕንፃውን ከነደረጃው ትቶልናል። እኔ እንደዚህ ባለ አንድ ደረጃ አናት ላይ ቆሜ በር ይዤያለሁ። ከታች ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ይመጣሉ። ቀና ብለው አዩኝ። ፈገግ አልኩላቸው። ርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ። እኔም «ቀስ ይበሉ አባባ!» እያልኩ ጮህኩ፤ የሚጠብቅ ሰው «ቀስ በል» ሲል ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንም ያውቃል። ሽማግሌው ሮጡ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ደረጃ፣ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ሮጡ።

ደርሰው መቃኑን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ተነፈሱ። «ተባረክ»ን ጠበቅሁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ ትንፋሻቸው መለስ ሲል፣ «ይሄ ምን ቤት ነው?»

ነገርኳቸው።

«እኔ እኮ ወደ አራዳ ነበር የምወርደው። ሰው በር ይዞ ሲጠብቅ እያየሁ እንዴት ብዬ አልፋለሁ?»

አብረን ገባን። ለመውጣት እሳቸው ተሳቀቁ፣ እኔም «ይውጡ» ማለት አፈርኩ። ሁለታችንም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ የቆየ ማስታወቂያ እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበብን። ከዚያ ለመውጣት ሲነሡ፣ ምን ይባላል እንግዲህ፣ በሩን ያዝኩላቸው።

የቤት በር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የመሥሪያ ቤት በር ላይ ቢያንስ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅህ ሰው የለም። ባለፈው ዓመት ከዘመድ ቤት ማኅበር ተጠርቼ ስሄድ ደጃፉ ላይ ከአንድ ቄስ ጋር እኩል ደረስን።

«አባ ይቅደሙ።»

«ኧረ አንተ ግባ፣ እከተላለሁ።»

«ኧረ በማርያም!»

«በጊዮርጊስ፣ ግባ እንጂ!»

«በሚካኤል፣ አይሆንም!»

እንዲህ እያልን አንዷን ደፍ ስንትና ስንት ታቦት አዞርንባት። ልብ ያላልኩት ነገር ውስጥ ያለው ሰው ነበር። የኛ አገር ሰው እንግዳ ሲገባ «ኖር!» ብሎ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ የገባው «በእግዜር!» ብሎ ሲያስቀምጠው ነው የሚቀመጠው። እኛ በሩ ላይ ጥላችን ሲታይ ቤቱ ሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሥቷል። ተነሥቷል ማለት ደግሞ ሙሉ አልቆመም፤ ከመደቡ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ አንድ እጁን መሶቡ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። እኛ አልገባንም፤ ያልገባ ሰው «በእግዜር» አይልም። እኔ በሩፋኤል ስል ወደ ውስጥ አየት አደረግሁ፤ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቂጣቸውን አየር ላይ ሰቅለው ጭናቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ባለቤትየዋ ጓዳ ለጓዳ በጓሮ ዞረው መጡና ሁለታችንንም ከኋላ በመዳፋቸው ገፍተው አስገቡን። እኩል ገባን። ማን እንደቀደመ እስከ ዛሬ አልተለየም፤ እኔ ግን በግማሽ ትከሻ ቀድሜ ነበር፣ ሌሊት ሌሊት ይታወሰኛል።

ይህን ሁሉ ጠባዬን ትሕትና ነው ስል ኖሬ ነበር። ትሕትና ከሆነ ሚኒባሱ በር ላይ ያ ነገር ሲገጥመኝ ለምን ሦስት ቀን አኮረፍኩ? ነገሩ እንዲህ ነው። ረዳቱ «ወለቃ! ወለቃ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። እኔና አንድ ጎረምሳ በሩ ጋ ደረስን። ልጁ ወደ ኋላ አለና ተንሸራታቹን በር በእጁ ደገፍ አድርጎ «አባባ፣ ይግቡ» አለ።

ዞሬ ከኋላዬ አየሁ። አባባ የሚባል ሰው አልነበረም።

ገባሁ። ጎረምሳው ቀርቶ መኪናው ሄደ። እንግዲህ ልጁ ወንበሩን ሰጥቶኝ ፀሐይ ላይ ቀርቷል፤ እኔ ደግሞ በመስኮት የማየው የመኪናውን የጎን መስታወት ነው፣ ጎፈሬዬ ጎን ስንት ሽበት እንዳለ እየቆጠርኩ። «ተባረክ» አላልኩትም። እኔ፣ ለአንዲት «ተባረክ» ስል ባንክ በር ላይ ስድስት ሰዓት ሊሞላኝ የነበረው ሰውዬ።

ለማስተዛዘኛ ብዬ ነገሩን በዘር አሳበብኩ። ጎንደሬ ነኛ! ደጅና በር ደማችን ውስጥ ነው። ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ ራሱ የደጅ አዝማች ማለት ነው። ስንቱ መኳንንት ነው ርስት ለማስመለስ፣ ሹመት ለማግኘት እዚህ ከተማ መጥቶ ወር ከወር፣ ዓመት ከዓመት ደጅ የጠና! ዓፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ዋና ከተማቸውን እዚህ ካደረጉ ወዲህ ሰው ጎንደር በር ላይ ቆሞ ያልጠበቀው ነገር የለም። የቤተ መንግሥቱ ግቢ በሮች ደግሞ አሥራ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱም ባለቤት ነበረው። ወንበር በር የዳኞች ነበር። እምቢልታ በር እምቢልታ ነፊዎች የሚገቡበት ነበር። ባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ ነበር። እንኮዬ በር የእቴጌ ምንትዋብ እናት የወይዘሮ እንኮዬ ነበር። ሁሉም የራሱን በር ስለሚያውቅ «ኧረ እርስዎ» የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዳኛው በወንበር፣ ነፊው በእምቢልታ፣ ሰላም ነበር።

ይህን ያህል ካወቅሁ ዘንዳ ዝም ብል ምን ነበረበት? ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶቼን ግቢውን ሳስጎበኝ ግን አደናግር በር ጋ ደረስን። ስሙን ካነበብኩ በቃ፣ ሌላ ምን ያስፈልገኛል! «ይሄ በር» አልኩ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ «ጠላት ሲመጣ ለማደናገር የተሠራ ነው። ጠላት በዚህ ይገባና ግራ ይገባዋል።» እንዴት ግራ እንደሚገባውም በእጄ እያሳየሁ ሄጄ መጣሁ። አጠገባችን አንድ የግቢው አስጎብኚ ቆሞ ነበር። ጨዋ ነው፤ ጠላቴን ሁሉ አደናግሬ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «የፈታዮች በር ነው ጋሼ፣ ጥጥ የሚፈትሉት ሰዎች» አለ። እንግዶቼ ከዚያ ወዲያ ጥያቄያቸውን ሁሉ ይዘው ወደሱ ዞሩ። እኔም ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ በየደረሱበት በር ያዝኩላቸው። ግማሾቹ በሮች መዝጊያ የላቸውም፤ ቢሆንም እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

አሁን የምኖረው ወለቃ ነው። ወለቃ ከጎንደር በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት፤ ኪራይዋ ስለቀለለ ነው የገባሁባት፣ ለሚጠይቀኝ ግን «ፀጥታዋን ወድጄ» እላለሁ። የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረች። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ባለ ኮከቧ ትንሽ ጸሎት ቤት፣ ሸክላውና ለእንግዳ የሚሸጡት ትንንሽ ምስሎች ቀርተዋል። የ1983ቱን ጉዞ ሳስብ አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ግንቦት 16 እና 17፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓጓዘ። አንደኛው ቦይንግ 747 መቀመጫው ተነቅሎ ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ነው የተነሣው። አንድ አውሮፕላን፣ ከ1,000 በላይ ሰው፣ ጥቂት በር! የዚያን ቀን በር ያዡ እኔ ብሆን ኖሮ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ስባባል እስከ ዛሬ ቦሌ ነበርን።

ጎረቤቴ ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ ይሠራሉ፤ ለእንግዳ ደግሞ አንበሳና ንግሥተ ሳባን። የሚሠሩበት ክፍል የቆርቆሮ በር አለው፤ በሩ ላይ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ተቸንክሮበታል፣ ሲለቁት እንደ ወጥመድ ተመልሶ ይዘጋል። ላስቲኩ ያለ ነገር አይደለም። ጥሬ ሸክላ ነፋስ አይወድም፤ በአንድ ጎኑ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ዶሮም አለ። ይህን ሁሉ እትዬ በመጀመሪያው ሳምንት አስረድተውኛል፣ እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ ሰምቻለሁ።

አንድ ጠዋት እትዬ በጣውላ ላይ ስድስት ጀበናና አንድ አንበሳ ደርድረው ወደ መተኮሻው ሊያወጡ ሲመጡ አየሁ። ሁለት እጃቸው ተይዟል። እኔን የፈጠረኝ ለምን ሆነና! ሮጬ በሩን ከፍቼ ያዝኩ። ልክ ያን ጊዜ ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ከውጭ መጡ። እትዬ ከነጣውላቸው ጥግ ያዙላቸው፣ እነሱም ጎንበስ ብለው ገቡ። ሴትዮዋ ታዲያ ስታልፍ ዞር ብላ ዓይኔን እያየች «አሜሴጊናሎ» አለችኝ።

በራሴ ቋንቋ። ከፈረንጅ አፍ። ለዚያውም ስትለማመደው እንዳደረች ያስታውቃል።

ሟሟሁ። እንዲህ ያለ ምስጋና እጅ ደረት ላይ አድርጎ፣ ከወገብ ጎንበስ ብሎ ካልተቀበሉት ነውር ነው። ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ከወገቤ ጎንበስ አልኩ። ቀኝ እጄ በሩን የያዝኩበት እጅ ነበር።

ላስቲኩ ሥራውን ሠራ።

ቀና ስል አራቱ ጀበናዎች አንገት የላቸውም። አንበሳው ጭራውን ጥሎ ፊቱን አፈር ላይ ደፍቷል። ጣውላው እንዳለ እትዬ እጅ ላይ ነው፣ ሁለት ጀበና ብቻ ቀርተውበት። ፈረንጁ ሰውዬ ካሜራውን አንሥቶ ነበር፤ አየት አደረገኝና መልሶ አወረደው። ለዚህ ሰውዬ እስከ ዛሬ ውለታ አለብኝ።

«ኧረግ!» አሉ እትዬ። «ኧረግ አንተ ሰው!»

የማዝንበት ቃል አጣሁ። ስብርባሪውን እየለቀምኩ ልክ እንደሚገጥም ሁሉ አንድ የጀበና አንገት ለአንበሳው ጭራ አድርጌ ሞከርኩ። «እከፍላለሁ እትዬ፣ የሁሉንም እከፍላለሁ።»

«የምኑን ነው የምትከፍለው? አልተተኮሰም እኮ። ጭቃ ነው፤ ውሃ አርከፍክፌ መልሼ አቦካዋለሁ።» ለካ ሸክላ እሳት እስካላየ ድረስ ይቅር ባይ ነው። «አንበሳው ይቆጫል እንጂ። እሱን ትላንት ሙሉ ቀን ነው የዋልኩበት።»

«ምን ላግዝዎት ታዲያ? የቀሩትን ላውጣልዎት?»

«አውጣ። የፈለግኸውን አድርግ። በሩን ብቻ አትያዝ።»

ከዚያ ከግቢው ጥግ አንድ ድቡልቡል ጥቁር ድንጋይ በእግራቸው እያንከባለሉ አመጡና በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ሥሩ ጣል አደረጉት። በሩ ቆመ። ላስቲኩ ተወጥሮ ይታያል፣ ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም። ነፋሱና ዶሮውስ ብላቸው፣ ዕቃ ሲወጣና ሲገባ ብቻ ነው የማደርገው፣ ሲያልቅ አነሣዋለሁ አሉኝ። ማለትም ድንጋዩ መቼ መያዝ፣ መቼ መልቀቅ እንዳለበት ያውቃል።

ሁለት ወር ሆነው፤ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። የሚያመሰግነው የለም፣ እሱም የሚጠብቅ አይመስልም። ግንባሩ ላይ ትንሽ አፈር አለበት። አንድ ቀን እትዬ ሳያዩ በእግሬ ገፋ አድርጌ ሞክሬዋለሁ፤ አውራ ጣቴን ነው ያመመኝ።

እሑድ ዕለት ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ልጆች ሊጎበኙ ገብተው ነበር። እኔ ከበሩ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሁለተኛውን ቡና እጠጣለሁ። በሩን ድንጋዩ ይዞታል። አንዲት ልጅ የገዛችውን ጀበና በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጎንበስ ብላ ወጣችና፣ ለእትዬ ይሁን ለማን ወደ ኋላዋ ዞር ሳትል «አመሰግናለሁ!» አለች።

«ምንም አይደል» አልኳት።